በምስማር የተሰቀሉ ቻርጀሮች

በሱቄ ግድግዳ ላይ በምስማር የተሰቀሉ አርባ ያህል ቻርጀሮች አሉ። የአብዛኞቹ ላፕቶፕ ከሞተ ቆይቷል። ደንበኛ ቀና ብሎ ሲያያቸው «ከዚያ ሁሉ ለኔ የሚሆን አይጠፋም» ይላል፤ ጫፉን እያየ ይመርጣል እንጂ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ የለም። እኔም አላነብም ነበር።

በ2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ለሙያው ገና ለማጅ ነበርኩ። አንድ ተማሪ ቲንክፓድ ቲ43 የሚባል ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ቻርጀሩ ጠፍቶበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። የሌላ ኩባንያ ቻርጀር አንስቼ ብሰካው ልክክ አለ። ለምን አይልም? የሁለቱም ጫፍ በውጭ 5.5፣ በውስጥ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ማሽኑ የሚፈልገው ግን 16 ቮልት፣ እኔ የሰጠሁት 19። ጥቂት ሠራና ድርግም አለ። አለቃዬ አልተቆጣም፤ ቻርጀሩን ገልብጦ «በል አንብበው» ብቻ አለኝ። ሃርድ ዲስኩ በመትረፉ ልጁ ተመረቀ፤ እኔ የሦስት ወር ደሞዜን ከፈልኩ።

ያኔ ኩባንያው ሁሉ የየራሱ ቮልትና የየራሱ ጫፍ ነበረው። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2005 ቲንክፓድን ይሠራ የነበረውን የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሥራ ገዛ፤ በዓመቱ የወጣው ቲንክፓድ ቲ60 ወደ 20 ቮልት ተሻገረ፣ ጫፉም ወፈረ። ኤችፒ 18.5፣ ዴል 19.5 ይሉ ነበር። አፕል በዚያው በ2006 በማግኔት የሚለጠፍ ጫፍ ይዞ መጣ።

የዴሉ ለብቻው ነው። በጫፉ መሃል ያለችው ቀጭን መርፌ ኃይል አታስተላልፍም፤ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለማሽኑ ትነግራለች። እሷ ከታጠፈች ማሽኑ ቻርጀሩን አያውቀውም፤ ይበራል፣ ግን ባትሪው አይሞላም፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። «ቫይረስ ነው» ተብሎ ስንቱ ፎርማት ተደርጎ በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣ!

ቮልቱ እኩል፣ የፕላስና የማይነስ ምልክቱም አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ቢበልጥ ግን አያስፈራም፤ ትልቅ መሶብ ቀረበ ተብሎ እንግዳ ከሆዱ በላይ አይበላም። ካነሰ ነው ጣጣው፦ ቻርጀሩ ይግላል፣ አንዳንዴም ይቀልጣል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ላፕቶፕ በትራንስፎርመር ካልሆነ አልሰካም የሚሉም አሉ። ቻርጀሩ ላይ «100–240» ከተጻፈ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው።

ዩኤስቢ ሲ ይህን ጣጣ አቅልሎታል። ቻርጀሩ በ5 ቮልት ይጀምርና ላፕቶፑ በጠየቀው መጠን እስከ 20 ይወጣል፤ አዲሶቹ ደግሞ እስከ 48። ዋቱ ያነሰ ከሆነ ግን አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ጭራሽ እምቢ የሚልም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስከ 100 ዋት ለሚሞሉ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ጫፍ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ ነው።

ግድግዳዬ ላይ ያሉትን ግን ገና አላወርዳቸውም፤ የድሮ ላፕቶፕ አሁንም በየቀኑ ይመጣል። እናንተም ስትመጡ የተበላሸውን ቻርጀር ጥላችሁ አትምጡ። ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነ ላፕቶፑን ገልብጡት፤ ቮልቱና አምፔሩ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተጽፏል።