እንዶድና የዓድዋ አጣቢዎች

የሳይንስ ታሪክ ሲጻፍ ቤተ ሙከራው ይወሳል፤ የወንዝ ዳር ግን ይዘነጋል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዓድዋ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ፤ ከበላዩ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። አንዷን አጣቢ አረፋውን በሕያዋኑ ላይ እንድታፈስ ጠየቋት፤ ሞቱ።

የዚህ ጥገኛ ትል ኑሮ በሰውና በቀንድ አውጣ መካከል የተከፈለ ነው። ከዓይነ ምድር ጋር ውኃ የገባው ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ ጩጩው ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ወጥቶም የዋናተኛውን፣ የመስኖ ገበሬውን፣ የአጣቢዋን ቆዳ ይበሳል። ቀንድ አውጣው ሲጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አጣቢዋ እንግዲህ እግሯን ለትሉ አጋልጣ፣ የትሉን ጠላት በእጇ ታሽ ነበር! (እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይሻል።)

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለዶክተር አክሊሉና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተሰጠ። ይገባቸዋል፤ አጣቢዎቹ ግን በሽልማቱ ላይ አልተጠቀሱም።