የክር ትውልድ ቆጠራ፤ ከይፋት እንዝርት እስከ ደብረ ብርሃን የፈተል መኪና

የሀገራችን የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ስለ ፋብሪካዎች መቋቋም፣ ስለ መኪናዎች ብዛትና ስለ ካፒታል መጠን ነው። ድሬዳዋ በ1939 እ.ኤ.አ.፣ ባሕር ዳር በ1961 እ.ኤ.አ.፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. እየተባለ ይቆጠራል። በእነዚህ ፋብሪካዎች ግድግዳ ውስጥ ግን ከመኪናው ባልተናነሰ የምርቱን ጥራት የሚወስን፣ ሆኖም እምብዛም የማይወሳ አንድ ሥራ አለ። ይኸውም አንዱን የክር ወገን ከሌላው የክር ወገን ለይቶ መጠበቅ ነው። ሠራተኛው «ሎት» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ በሰሜን ሸዋ ምድር ከመኪናው በፊት ምን መልክ እንደ ነበረው፣ ከመኪናው በኋላም ምን እንደ ሆነ ለሙያ ባልደረቦቼ ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ሎት ማለት ምን እንደ ሆነ እንስማማ። ክር ቁጥር አለው። በእንግሊዝ አቈጣጠር 20 ቁጥር ክር ማለት እያንዳንዳቸው 840 ያርድ የሆኑ 20 ጥቅሎች አንድ ፓውንድ የሚመዝኑበት ክር ነው። ሆኖም ቁጥር የሚነግረን የክሩን ርዝመትና ክብደት እንጂ ከየት እንደ መጣ አይደለም። ሁለት ክሮች ቁጥራቸው አንድ፣ ንጣታቸው አንድ፣ ጥንካሬያቸውም ተቀራራቢ ሆኖ አንዱ ከበሰለ ጥጥ፣ ሌላው በደንብ ካልበሰለ ጥጥ ተፈትሎ ሊሆን ይችላል። በዐይን አይለዩም፤ ማቅለሚያ ገንዳ ውስጥ ሲገቡ ግን ያልበሰለው ቀለም አልጠጣ ብሎ ገርጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ሎት የክሩ ትውልድ ነው ማለት ይቻላል። ከየትኛው ቤል ወጣ፣ ከየትኛው ድብልቅ ተወለደ፣ በየትኛው ማበጠሪያ መኪና አለፈ የሚለው ጥያቄ ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ርስቱን ለማስከበር አያት ቅድመ አያቱን እየቈጠረ እስከ አቅኚው አባት ይደርስ ለነበረው ለመንዝና ለተጉለት ሰው ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንበትም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረችው አንኮበር ትገኛለች። ከአንኮበር ሥር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ የታወቀው የአልዩ አምባ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 እ.ኤ.አ. በዚህ ስፍራ ኖሮ በ1844 እ.ኤ.አ. የጉዞ ታሪኩን በሁለት ቅጽ አሳትሟል። የሻለቃ ሃሪስ መልእክተኞች ቡድንም ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ ቈይቷል። ጥጡ ከይፋት ቆላ፣ የበግ ጸጉሩ ከመንዝ ደጋ፣ አሞሌው ከአፋር በረሓ የሚገናኙበት ሀገር በመሆኑ አንኮበርና አካባቢዋ የክር ሀገር ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም። በይፋት የአርጎባ ሸማኔዎች ስመ ጥር ነበሩ፤ በመንዝ ደግሞ ባናና በርኖስ ከበግ ጸጉር ይሠሩ ነበር።

በእጅ ሥራው ዘመን ሎት የሚጠበቀው በማን ነበር? መልሱ አጭር ነው፤ በሴቶች። ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው በእንዝርት ይፈተልና ልቃቂት ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ቤት፣ ብዙ ጊዜም በአንዲት ሴት እጅ በመሆኑ የክሩ ትውልድ አይጠፋም። ለድር የሚሆነው ጠበቅ ብሎ ይከረራል፤ ለማግ የሚሆነው ላላ ብሎ ይፈተላል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። ፈታይዋ ፈትሏን ለሸማኔ ስትሰጥ የራሷን ክር እንጂ «20 ቁጥር ክር» አልሰጠችም። ሸማኔውም የእከሊትን ክር ለእከሊት ሸማ የማዋል ግዴታ ነበረበት። ክር ለወጠ ተብሎ መታማት ለሸማኔ ከባድ ነገር ነበር፤ የገበያው መተማመኛ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ የምሕንድስና ቁም ነገር እናገኛለን። የሰው እጅ ከሰው እጅ ይለያል። ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ በሚፈትልበት ጊዜ የዐሥር ሴቶች ክር ዐሥር ዓይነት ነው። ይህን ልዩነት ማሸነፊያው መንገድ ሁለት ብቻ ነው። ወይ እያንዳንዱን ለይቶ ለየራሱ ልብስ ማዋል፣ ወይም ሁሉንም እስከ መጨረሻው አቀላቅሎ ልዩነቱ በሸማው መላ አካል እኩል እንዲበተን ማድረግ ነው። አደጋው ያለው በመካከል ነው። ጥቂቱ ተቀላቅሎ ጥቂቱ ሲቀር ልብሱ ዝንጉርጉር ይሆናል። ዘመናዊው የፈተል ፋብሪካም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከብዙ ቤሎች ጥጥ እያነሣ በደንብ ያደባልቃል፤ ከተደባለቀ በኋላ ግን ያ ድብልቅ እስከ መጨረሻው ከሌላ ድብልቅ ጋር እንዳይገናኝ ይጠብቃል። መኪናው አዲስ ነው፤ ሕጉ ግን የቆየ ነው።

በመካከሉ የሁለቱ ዓለም መገናኛ የሆነ ጊዜ መጣ። የፋብሪካ ክር ገበያ ሲደርስ ሸማኔው ለድር የፋብሪካውን፣ ለማግ የቤቱን ፈትል ማዋል ጀመረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ድር በሽመና ጊዜ የሚጎተት ስለ ሆነ እኩል የሆነና የማይበጠስ ክር ይፈልጋል። ዛሬም ብዙ ሸማ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው። በዚህ ጊዜ ሸማኔው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታይዋን የማያውቃትን ክር በእጁ ያዘ። የክሩን ትውልድ የሚነግረው ሰው ሳይሆን በጥቅሉ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆነ።

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ስፍራ ናት። በግና ብርድ ባለበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ መተከሉ የሚያስገርም አይደለም። ፋብሪካው ከተቋቋመ ዐሥር ዓመት ሲሆነው በጥር 1967 ዓ.ም. የግል ኢንዱስትሪዎች ወደ መንግሥት ይዞታ መዛወር ጀመሩ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በደብረ ብርሃን የበግ እርባታ ጣቢያ ተቋቋመ። ኮሪዴልን፣ ሃምፕሻየርንና ኋላም አዋሲን የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎች ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀሉ የተደረገው ሥጋውንም ጸጉሩንም ለማሻሻል ነበር። ገበሬው ላት የሌለውን ድቅል በግ አልወደደውም፤ ላታሙን አዋሲ ግን የተሻለ ተቀበለው። ይህ ነገር የእንስሳት ሊቃውንት ጉዳይ ቢሆንም ለእኛም ትርጉም አለው። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ፣ መልኩም ከነጭ እስከ ጥቁር፣ ዳለቻና ቡናማ የሚደርስ ነው። የድቅሉ ጸጉር ደግሞ ሌላ ነው። ከብዙ ገበሬ ደጃፍ በነጋዴ ተለቅሞ በአንድ ጆንያ የሚገባ ጸጉር ትውልዱን ከመነሻው አጥቷል። ስለዚህ ሱፍ በሚፈትል ፋብሪካ የሎት ሥራ የሚጀምረው ከፈተሉ መኪና አይደለም፤ ጸጉር ለቃሚዎቹ ከተቀመጡበት መደዳ ነው።

የብርድ ልብስ ፈተል መንገዱ ከጥጥ አጭር ነው። ጸጉሩ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይደባለቃል፣ ይበጠራል፣ ከማበጠሪያው ጫፍ ላይ እንደ ገመድ ሆኖ የወጣው ወዲያው ይፈተላል። ለማደባለቅ የታወቀው ብልሃት እያንዳንዱን ዓይነት በስሱ አንዱን በሌላው ላይ ማንጠፍ፣ ከዚያም ክምሩን ከላይ ወደ ታች እየቈረጡ ማንሣት ነው። ድፎ ዳቦ ሲቈረስ እያንዳንዱ ቁራሽ ከላይኛውም ከታችኛውም ቅርፊት ይደርሰዋል፤ ነገሩ እንዲያ ነው። ማበጠሪያው ግን ጥርሳም ሽቦ የለበሰ በመሆኑ የቀድሞውን ሎት ጸጉር በጥርሱ ውስጥ ይዞ ይቀራል። ከጥቁር ወደ ነጭ መሻገር ሲያስፈልግ መኪናውን አቁሞ በሚገባ መጥረግ ግድ ነው። በዚህም የተነሣ ልምድ ያለው የፈረቃ ኀላፊ የሳምንቱን ሥራ ከነጭ ጀምሮ ወደ ጥቁር ያወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም።

በጥጥ ፈተል አደጋው ረቂቅ ነው። አንድ የቀለበት ፈተል መኪና በመቶ የሚቈጠሩ እንዝርቶች አሉት። በእያንዳንዱ እንዝርት አናት ላይ ሮቪንግ የሚባለው ወፍራም ቅድመ ፈተል የተጠቀለለበት ቦቢን ይሰቀላል። አንዱ ሲያልቅ ሠራተኛዋ ከጋሪው አዲስ አንሥታ ትቀጥላለች። ከሌላ ሎት የመጣ አንድ ቦቢን በስሕተት ቢሰቀልስ? ሒሳቡን እንሥራ። የ20 ቁጥር ክር አንዱ ኪሎ ሜትር 29.5 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሮቪንግ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ክር ይሆናል። ከደብረ ብርሃን ቢዘረጋ አንኮበር ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ነው። ይህ ክር በዐሥራ አምስት ገደማ ትናንሽ ጥቅሎች ላይ ይወርድና ወደ ማድወሪያው ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያም በየኮኑ ውስጥ ይበተናል። ድር ውስጥ ሲገባ በጨርቁ ርዝመት ሁሉ እንደ ጭረት ይታያል። እስኪቀለም ድረስ ግን የሚያውቅ የለም።

ይህን ለመከላከል በዓለም ፋብሪካዎች የዳበሩት ምልክቶች ቀላል ናቸው። ለእያንዳንዱ ሎት የተለየ ቀለም ያለው ቦቢን ይመደባል፤ በኮኑ ጫፍ ላይ ቀለም ይቀባል፤ በመኪናው ራስጌ ካርድ ይሰቀላል። ቃጫውን ራሱን በውሃ በሚለቅ ጊዜያዊ ቀለም መንከርም አለ፤ ሮዝ የሆነው ሎት ከሰማያዊው ጋር ቢደባለቅ ወዲያው ይታያል፤ ሲታጠብ ቀለሙ ይጠፋል። የተጠናቀቁ ኮኖችን በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት መመርመርም የተለመደ ነው፤ የተለያየ ጥጥ የተለያየ ብርሃን ይሰጣልና። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የቦቢኑ ቀለም ነው። ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም እኩል ይናገራል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ፋብሪካ የገቡ ብዙ ሠራተኞች የካርዱን ጽሑፍ ሊያነቡ አይችሉም ነበር፤ ቀይና ሰማያዊ ግን የሚሳሳተው ጥቂት ሰው ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን መሐንዲሶች ይህ ሥርዐት ከመኪናው ጋር በሣጥን ታሽጎ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አድርገን እንቈጥራለን። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት፣ ስሙን በማልጠቅሰው የጥጥ ፋብሪካ፣ በሌሊት ፈረቃ የደረሰ ነገር ነው።

በዚያ ሌሊት ሁለት የ20 ቁጥር ሎቶች በአንድ አዳራሽ ይፈተሉ ነበር፤ አንዱ በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ ቦቢን። ሰማያዊው አለቀብን፤ የተሰበረውን የሚተካ መለዋወጫ አልደረሰም። ሥራው እንዳይቆም ብዬ ሁለተኛውም በቀይ ቦቢን እንዲጠቀለልና በጠመኔ ምልክት እንዲደረግበት አዘዝሁ። በመኪናው ላይ የነበሩት በዕድሜ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሠራተኛ ነበሩ። «ልጄ፣ ጠመኔ እጅ ይጠርገዋል» አሉኝ። እኔም እንዲጠነቀቁ ነግሬ አለፍሁ። እርሳቸው ግን ከተጣለ ክር ላይ ሰማያዊ ብጣሽ ፈልገው በእያንዳንዱ ቦቢን ጫፍ ላይ ማሰር ጀመሩ። ኋላ ስጠይቃቸው እናታቸው የጎረቤትን ልቃቂት ከራሳቸው የሚለዩት በእንዲህ ያለ ቋጠሮ እንደ ነበረ ነገሩኝ። ፈረቃው ሲለወጥ ያልታሰሩ ቦቢኖች በጋሪው ላይ ቀርተው ነበር።

ጨርቁ ሲቀለም ጭረቱ ወጣ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ከመኪናው አጠገብ ማን እንደ ነበረ ጠየቀ እንጂ ቦቢኑን ማን እንዳዘዘ አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርሁም። ጥፋቱ በሠራተኛዋ ቸልተኝነት የደረሰ ነው ተባለና የሦስት ቀን ደመወዝ ተቈረጠባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለት ሎት አንድ የቦቢን ቀለም እንዳይውል የሚከለክል መመሪያ ራሴ አርቅቄ አቀረብሁ። ቀለም በሚጎድልበት ጊዜ ቋጠሮ እንዲታሰርም ጻፍሁበት። መመሪያው ጸደቀ፤ አዘጋጅ በሚለው ስፍራ የሰፈረው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው። የተቈረጠው ደመወዝ አልተመለሰም፤ የኮሚቴውም ቃለ ጉባኤ ከዚያ ፋብሪካ እስከ ለቀቅሁበት ቀን ድረስ እንደ ነበረ ነው።