የተፋቀው ስም

አሮጌ የጦር ጩቤ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለበትን ይመርጣል። በናዚ ጀርመን የኤስ.ኤ. ጩቤ ላይ ግን ይህ ሚዛን ያሳስታል።

የኤስ.ኤ. አለቃ ኤርንስት ሮህም እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ ለነባር አባላቱ ያደለው ጩቤ በአንዱ ገጽ «ሁሉም ለጀርመን»፣ በሌላው «በልባዊ ወዳጅነት፣ ኤርንስት ሮህም» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሂትለር ሰኔ 30 ቀን 1934 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሰው፣ «አንተ» ብለው ከሚጠሩት ጥቂት ወዳጆቹ አንዱን፣ አሰረው፤ በማግስቱም አስገደለው። ስሙም ከየጩቤው እንዲፋቅ ታዘዘ። አንዳንዱ ስሙን ብቻ፣ አንዳንዱ መልእክቱን በሙሉ አስፋቀ።

እንግዲህ የተፋቀው ጩቤ፣ በእኔ ግምት፣ ከሙሉው ይልቅ ስለ ሥርዓቱ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ሙሉው ብርቅና እጅግ ውድ በመሆኑም የአስመሳዮች ዐይን ያረፈው በእርሱ ላይ ነው።

ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። የፋብሪካው ብረት በወርዱ የሚሄዱ ረቂቅ የሞረድ መስመሮች አሉት። ተፍቆ እንደገና በተጻፈበት ላይ መስመሮቹ በጽሑፉ አካባቢ ይቋረጣሉ፤ ብረቱም እዚያ ላይ ይሳሳል። የሮህም ጽሑፍ ያለበት ጩቤ በ«ኤም7» የሚጀምር የኋለኛው ዘመን የአምራች ቁጥር ካለው ደግሞ ነገሩ አበቃ፤ ያ ቁጥር የመጣው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። የእጀታው ማያያዣ ብረትም የቀድሞው ኒኬል ቅይጥ መሆን አለበት እንጂ በኋላ የተተካው ዚንክ ቅይጥ አይደለም።

ብረቱ በቅርብ ጊዜ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ትቶ ማለፍ ይሻላል፤ ውልወላው የቀሩትን የፊደል ጥላዎች አብሮ ይወስዳልና።