መስተጋብራዊ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ

መስተጋብራዊ ቴሌቪዥን ተመልካቹ የተላለፈለትን ከማየት አልፎ ድምፅ የሚሰጥበት፣ የሚጠይቅበት ወይም ተጨማሪ መረጃ መርጦ የሚከፍትበት የቴሌቪዥን አገልግሎት ነው። በኢትዮጵያ አገልግሎቱ በአብዛኛው የሚካሄደው በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በተመልካቹ ስልክ ነው፤ በአጭር የጽሑፍ መልዕክት፣ በጥሪ፣ በቴሌግራም እና በዩቱብ አስተያየት። ይህ ከወጪውና ከድካሙ አንጻር የሚያዋጣ ስለመሆኑ የሚነሳው ጥያቄ በተለይ በትምህርት ስርጭት ላይ ጎልቶ ይታያል።

የመልስ መንገድ

መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭት አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው። ኮልፌ 18 ማዞሪያን በመሰሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በየጣሪያው የሚታየው ዲሽ ከምድር ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሳተላይት ምልክት ይቀበላል እንጂ መልሶ አይልክም። ስለዚህ ተመልካቹ ለጣቢያው መልስ መስጠት ከፈለገ ሌላ መስመር ያስፈልገዋል።

በሌሎች አገሮች ይህን ችግር ለመፍታት የተለያዩ መንገዶች ተሞክረዋል። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረው ሲፋክስ የጽሑፍ ገጾችን ከምስሉ ጋር አብሮ ይልክ ነበር። ተመልካቹ የገጽ ቁጥር ሲጫን የሚከፈተው ቀድሞ የተላከ ጽሑፍ በመሆኑ ወደ ጣቢያው የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ አገልግሎቱም እስከ 2012 ቆይቷል። በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው ኪዩብ ግን በኬብል በኩል የተመልካቹን መልስ በእርግጥ ይቀበል ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ከብዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ተቋረጠ። ዛሬ በአውሮፓ የሚሠራበት ኤችቢቢቲቪ የተባለው ደረጃ ስርጭቱን በአየር፣ መልሱን በኢንተርኔት ያደርጋል።

ከሰላምታ ወደ አጭር መልዕክት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተመልካች መልስ መስጠት የሚችለው በደብዳቤ ነበር። ያም ሆኖ አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) በልጆች ፕሮግራማቸው ሰላምታ ሲያቀርቡ በየቤቱ ያሉ ልጆች ከመስኮቱ ፊት ቆመው በታላቅ ድምፅ ይመልሱ ነበር። መልሱ የትም ባይደርስም ተሳትፎው እውነተኛ ነበር።

የእጅ ስልክ ከተስፋፋ በኋላም የአጭር መልዕክት ተሳትፎ ወዲያው አልተጀመረም። አገልግሎቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አጫጭር ቁጥሮች በቴሌቪዥን የተለመዱ ሆኑ። ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ለታላቁ ህዳሴ ግድብ ገንዘብ የተሰበሰበበት 8100 ነው፤ ተመልካቹ ፊደል ኤን ወደ ቁጥሩ በመላክ ይሳተፍ ነበር። እዚህ ላይ መልሱ ቀላል ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ተራ ስልክም ይበቃዋል።

በድምፃውያን ውድድር ግን ጉዳዩ ይወሳሰባል። ብዙ ሲም ካርድና ብዙ ካርድ ያለው ሰው ብዙ ድምፅ መስጠት ስለሚችል፣ ውጤቱ የተመልካቹን ብዛት ሳይሆን የከፋዩን ብርታት ሊያሳይ ይችላል። አጭር ቁጥር ደግሞ በአገር ውስጥ ኔትወርክ ብቻ ስለሚሠራ በውጭ አገር ያለ ተመልካች ከድምፅ አሰጣጡ ውጪ ይሆናል።

የፕላዝማ ትምህርት

ተሳትፎ የሌለው ስርጭት ምን ያህል እንደሚያጎድል በግልጽ የታየው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን የመሳሰሉ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ተቀርጸው በሳተላይት ለመላው አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፉ ነበር። ዓላማው ብቁ መምህር በሌለበት ቦታ ሁሉ እኩል ትምህርት ማድረስ ነበር፤ ዓላማውን መንቀፍ አስቸጋሪ ነው።

በስክሪኑ ያለው መምህር ጥያቄ አቅርቦ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ክፍሉ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ሊሆን ይችላል። ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፤ በክፍሉ ያለው መምህርም ስርጭቱን ማስቆም አይችልም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ያልፋል። የቅጹ ስም ትምህርት ቢሆንም አሠራሩ የዜና ስርጭት ነበር ማለት ይቻላል። ለዚህ ጉድለት መፍትሔው የግድ ኢንተርኔት አልነበረም፦ መምህሩ በፈለገበት ቦታ የሚያቆመውና የሚደግመው ቅጂ ብቻውን ብዙ ነገር ይቀይር ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ትምህርት ከቴሌግራም ጋር ተጣመረ። ተማሪው ትምህርቱን በቴሌቪዥን አይቶ ማስታወሻውን በስልኩ ማግኘት ቻለ። ዘመናዊ ስልክ የሌለበት ቤት ልጅ ግን እንደ ፕላዝማው ዘመን ተመልካች ብቻ ሆኖ ቀረ።

መዘግየትና መቋረጥ

በኢንተርኔት የሚታይ የቀጥታ ስርጭት ከሳተላይቱ ብዙ ጊዜ በበርካታ ሴኮንዶች ይዘገያል። ኳስ በስልኩ የሚከታተል ሰው ዲሽ ካለው ጎረቤት ቤት ጩኸት ሰምቶ ጎሉን ቆይቶ የሚያየው ለዚህ ነው። ለቀጥታ ጥያቄና መልስ ውድድርም ይህ ክፍተት ፍትሕን ያዛባል፤ አዘጋጁ የመልስ ሰዓቱን ካላራዘመ በስተቀር።

ከዚህ የከበደው መቋረጥ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ የቴሌቪዥን ስርጭት ቀጥሎ ነበር፤ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ማንኛውም ተሳትፎ ግን አልሠራም። በዚህ ምክንያት አጭር መልዕክትና ተራ የስልክ ጥሪ ያረጁ ቢመስሉም ለኢትዮጵያ ጣቢያዎች ይበልጥ አስተማማኝ ናቸው።

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ቴሌቪዥን የተመልካቹን ልማድም ሊመዘግብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው አምራች ያለ ፈቃድ የተመልካቾችን መረጃ በመሰብሰቡ በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚመለከተው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው።