አበባው ዘንድሮ መቼ ፈነዳ? የሎስ አንጀለስን አበቦች በእኛ አቆጣጠር ስለ መመዝገብ

ሀገር ቤት ሳለን ዘመን መለወጡን የሚያበስረን የግድግዳ ካላንደር ብቻ አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ ልጃገረዶች በየደጁ «አበባየሆሽ» ሲሉ ዐይናችንም ጆሯችንም ይነግሩን ነበር። እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን እንቁጣጣሽ የሚውለው ምድሩ ደርቆ፣ ኮረብታው ገለባ መስሎ፣ ሰደድ እሳት በሚፈራበት ሰሞን ነው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል፣ ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ እስከ ዊትወርዝ ድራይቭ ባለው፣ በዓሉን እናከብራለን፤ ቢጫውን አበባ ግን ከአበባ ሻጭ ነው የምንገዛው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን «የአበባ በዓል ከሆነ አበባው የታለ?» ብለው ሲጠይቁን መልስ እናጣለን።

መልሱ አጭር ነው። አበባ በየሀገሩ የየራሱ ሰዓት አለው። የሎስ አንጀለስን ሰዓት ለማወቅ አንድን አበባ ከዓመት ዓመት እየመዘገቡ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ደግሞ የእኛው የዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ ይልቅ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የአበባ ቀን መመዝገብ አዲስ ነገር አይደለም

ዕፅዋትና እንስሳት ከወቅት ጋር የሚያደርጉትን ለውጥ የሚያጠናው ትምህርት ፊኖሎጂ ይባላል። ከሁሉም የረዘመው የአበባ መዝገብ የጃፓኗ የኪዮቶ ከተማ ነው። ያሱዩኪ አኦኖ የተባሉ ተመራማሪ ከጥንት የቤተ መንግሥትና የመነኮሳት የቀን ማስታወሻዎች ላይ የቼሪ አበባ ሞልቶ የታየበትን ቀን ለቅመው፣ እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ወደ ኋላ የሚዘልቅ ዝርዝር አዘጋጅተዋል። በዚህ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2021 አበባው የሞላው ማርች 26 ቀን ነበር። እስከዚያ ድረስ ከታወቀው ሁሉ የቀደመው የ1409 ሲሆን፣ እሱም ማርች 27 ቀን ነበር።

በእንግሊዝ ሀገር በኖርፎክ ይኖር የነበረው ሮበርት ማርሻም እ.ኤ.አ. ከ1736 ጀምሮ የፀደይ ምልክቶችን መመዝገብ ጀመረ። ከመዘገባቸው መካከል ስኖውድሮፕ የምትባለው፣ በብርድ ውስጥ የምትፈነዳው ትንሽ ነጭ አበባ ትገኛለች። ቤተሰቡም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀባበለ መዝገቡን እስከ 1958 አቆይቶታል። እዚሁ አሜሪካ ደግሞ ጸሐፊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1850ዎቹ በማሳቹሴትስ፣ በኮንኮርድ አካባቢ እየዞረ የአበቦችን ቀን ጽፎ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ፕሪማክና ባልደረባቸው አብርሃም ሚለር-ራሺንግ በዚያው ሥፍራ ቆጥረው ሲያነጻጽሩ፣ አበቦቹ በአማካይ 7 ቀን ያህል ቀድመው እንደሚፈነዱ አገኙ። ቶሮ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ያየውን በየቀኑ ስለ ጻፈ ብቻ ምስክር ሆነ።

በሎስ አንጀለስም የቴዎዶር ፔይን ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ፣ በየዓመቱ ከማርች እስከ ሜይ፣ የዱር አበባ የት እንደ ፈነዳ በስልክ የሚያሳውቅ አገልግሎት ይሰጣል።

ለምን ባለ ራስ አበቦች?

«አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንደምንለው፣ ከአፈር በታች ምግባቸውን የሚያከማቹበት ራስ ያላቸው አበቦች አሉ፤ ቱሊፕ፣ ናርሲሰስ፣ ሃያሲንት፣ ፍሪዥያ ከእነዚህ ናቸው። ለመዝጋቢ የሚመቹበት ምክንያት ቀድመው መፈንዳታቸው፣ ከቦታቸው አለመንቀሳቀሳቸው፣ ብዙዎቹም ሳይዘሩ በየዓመቱ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ነገር ግን ሁሉም የሚጠብቁት ምልክት አንድ አይደለም፤ ይህን ሳይለዩ መመዝገብ ድካም ብቻ ይሆናል።

ቱሊፕና ሃያሲንት ብርድ ይጠብቃሉ። የሎስ አንጀለስ ክረምት ለእነሱ ብርድ ስላልሆነ፣ የዚህ አገር አትክልተኞች ራሶቹን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ነው የሚተክሏቸው። ከፖም አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ከበሰለ ፍራፍሬ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በራሱ ውስጥ ያለውን የአበባ ፅንስ ይገድለዋል። በከረጢቱ ላይ በአማርኛ ጻፉበት፤ የአበባ ራስ ሽንኩርት ይመስላል፣ ናርሲሰስ ደግሞ መርዝ አለው፣ ከአገር ቤት የመጣች እናት ለወጥ እንዳትከትፈው። ያም ሆነ ይህ በፍሪጅ የቆየ ቱሊፕ የሚፈነዳበት ቀን ስለ ፍሪጃችሁ እንጂ ስለ ዓመቱ አይናገርም።

ፔፐርዋይት የሚባለው ነጭ ናርሲሰስ ብርድ አይጠይቅም፤ በዚህ ከተማ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይፈነዳል። ፍሪዥያ የመጣችው ከደቡብ አፍሪካ፣ ዝናቡ በብርዱ ወራት ከሚዘንብበት አካባቢ ስለሆነ፣ የካሊፎርኒያ ጠባይ ይስማማታል፤ በየካቲትና በመጋቢት ትፈነዳለች። ከፌርፋክስ ጥቂት ራቅ ብዬ በምኖርበት ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር የምከታተላቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ሦስተኛዋም ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ናት፤ አማሪሊስ ቤላዶና ትባላለች። ቅጠሏ በክረምት ወጥቶ በበጋ ይደርቃል፤ ከዚያ በነሐሴና በጳጉሜ አካባቢ፣ ከደረቀው መሬት ላይ አንድም ቅጠል ሳይኖራት አገዳዋ ብድግ ብሎ ሮዝ አበባ ታወጣለች። ቅጠል አልባ በመሆኗ አሜሪካኖቹ «ራቁቷን ሴት» ይሏታል። ቢጫ ባትሆንም በዚህ ከተማ በእንቁጣጣሽ ሰሞን በራሷ ጊዜ የምትፈነዳ አበባ ለሚፈልግ ሰው እሷ አለች።

ዓመቱን የት ላይ እንቁረጠው?

የፈረንጆች ዓመት የሚለወጠው አበባው በሚፈነዳበት ሰሞን መሆኑ ያስቸግራል። እንበልና ፔፐርዋይቱ አንድ ጊዜ ጃንዋሪ 3፣ 2024፣ ቀጥሎ ደግሞ ዲሴምበር 28፣ 2024 ፈነዳ። በፈረንጁ አቆጣጠር 2024 ሁለት የመጀመሪያ አበባ አለው፤ 2025 ምናልባት አንድም አይኖረውም። በእኛ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ለየዓመቱ አንድ አበባ ደረሰ ማለት ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ቢሆንም እውነት ነው። በሎስ አንጀለስ ዝናብ የሚጠበቀው ከጥቅምትና ከኅዳር ወዲህ ነው፤ እስከ መጋቢትም ይቆያል። ራሱ የሚተከለው፣ የሚያቆጠቁጠው፣ የሚፈነዳውና የሚደርቀው በእኛ አንድ ዓመት ውስጥ ነው። የአሜሪካ የውሃ ባለሙያዎችም የዝናቡ ወቅት እንዳይቆረጥባቸው «የውሃ ዓመት» የሚሉትን ከኦክቶበር 1 ይጀምራሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ቀን ነው።

ቀን መቁጠሩም ይቀላል። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ካላንደር ማገላበጥ አያሻም። ታኅሣሥ 24 ማለት ሦስት ወር ከ24 ቀን፣ ማለትም ከመስከረም 1 ጀምሮ 114ኛው ቀን ነው። ታኅሣሥ 19 ደግሞ 109ኛው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጳጉሜ 6 ቀን ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። ልዩነቱ እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል፤ በዚያ ቀን የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ገብቶ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረው፣ ጥምቀትም ጥር 11 ሆኖ ሳለ ጃንዋሪ 20 የሚውለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከፈረንጅ መዝገብ ጋር ለማነጻጸር፣ በዘመነ ዮሐንስ በእነዚህ ወራት በተመዘገበ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሩ። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ ከላይ ያለው 114 ቀን 115 ይሆናል፤ የ2017ቱ አበባ በ5 ሳይሆን በ6 ቀን ቀድሟል ማለት ነው። የሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነው።

አመዘጋገቡ

ሀ. ተክሉንም ቦታውንም አትለውጡ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ያለና ጥላ ውስጥ ያለ አበባ እኩል አይፈነዱም።

ለ. ከሱቅ የተገዛ ራስ የመጀመሪያ ዓመቱን አትቁጠሩለት፤ ያደገበትንና የቆየበትን መጋዘን ጠባይ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሐ. «ፈነዳ» የምትሉት ምን ሲሆን እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኔ የመጀመሪያዋ አበባ ሙሉ በሙሉ የተከፈተችበትን ቀን እይዛለሁ፤ እምቡጥ አልቆጥርም።

መ. በሁለት በሁለት ቀን እየሄዳችሁ እዩ፤ ገና ያልፈነዳበትንም ቀን ጻፉ። «ታኅሣሥ 17 አልነበረም፣ ታኅሣሥ 19 ነበረ» የሚል መዝገብ የሚታመን ነው።

ሠ. ዝናቡ መቼ እንደ ጀመረና ውሃ ያጠጣችሁበትን ቀን ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በሎስ አንጀለስ የሚረባ ዝናብ ሳይጥል ቆየ፤ የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች የተነሡትም በዚያ ድርቅ ውስጥ፣ ጃንዋሪ 7፣ 2025፣ በእኛ የገና ዕለት ነበር። በዚያ ዓመት በባልዲ የጠጣ አበባና ሰማይን የጠበቀ አበባ በአንድ ረድፍ ቢጻፉ መዝገቡ ይዋሻል።

ከሁለትና ከሦስት ዓመት መዝገብ ተነሥቶ «ዓለም ሞቀች» ማለት አይቻልም። አንድ ዓመት ከሌላው መለያየቱ የተለመደ ነው፤ የማርሻምና የቶሮ መዝገቦች ዋጋ ያገኙት ስለ ረዘሙ ነው። አስር ዓመት ሲሞላ ግን የራሳችሁ ሠፈር መካከለኛ ቀን ይኖራችኋል፤ «ዘንድሮ ቀደመ» ወይም «ዘገየ» ስትሉም በግምት አይሆንም።

የሀገር ቤቱ ረድፍ

በደብተሬ ከፔፐርዋይትና ከፍሪዥያ ጎን ሦስተኛ ረድፍ አለ፤ አደይ ይላል። አደይ ባይደንስ ከሚባለው ወገን ስትሆን ባለ ራስ አይደለችም፣ ከዘር ነው የምትበቅለው፤ የምትከተለውም የሀገራችንን የክረምት ዝናብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ብላ መሰየሟ አበው ሰማይና ምድርን ምን ያህል አስተውለው ይቆጥሩ እንደነበር ያሳያል።

ለእንኳን አደረሳችሁ ስንደውል ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ጠይቀን እንዘጋለን። አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «አደይ በእናንተ ሠፈር መቼ ታየች? አምናስ?» ይህን አስተውሎ የሚመልሰው በብዛት የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ትውልድ ነው፤ ያ ትውልድ ደግሞ እየተሰናበተን ነው። የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የተናገረውን ሰው ጻፉ። ልጆቻችንም ሁለቱን ረድፍ ጎን ለጎን ሲያዩ የጠየቁን ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ በመስከረም የሚፈነዳው አበባ እዚያ ነው፣ የእዚህኛው ደግሞ ዝናቡን ጠብቆ ይመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ይቆጠራሉ።

ቸር ያሰንብተን።