የቺካጎ ከተማ ስምና ሥራ

የቺካጎ ስም በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አል ካፖንን ነው። እኛም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ስለዚያች ከተማ የምናውቀው በሲኒማ ያየነውን ወንበዴና መትረየሱን ብቻ ነበር።

ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በአሜሪካ መጠጥ መጥመቅና መሸጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን፥ ማለት ከ1920 እስከ 1933 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)፥ በስውር መጠጥ የሚነግዱ ወንበዴዎች እርስ በርሳቸው ይጋደሉ ነበር። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 ብቻ ሰባት ሰዎች በአንድ ጋራዥ ውስጥ ከግድግዳ ፊት ተሰልፈው ተረሽነዋል።

ነገር ግን የ1931ን ዓመት ነጥለን እንመልከት። በኦክቶበር ወር ካፖን ግብር ባለመክፈል ጥፋተኛ ተብሎ 11 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ የዚያችው ከተማ ነዋሪ የሆኑት ወይዘሪት ጄን አዳምስ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። እኚህ ሴት በ1889 ከጓደኛቸው ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር ሐል ሐውስ የተባለውን ቤት በስደተኞች ሰፈር ውስጥ ከፍተው ነበር። ከጣሊያን፥ ከግሪክና ከሩሲያ የመጡ ድሆች ቀን ልጆቻቸውን ያስጠብቁበታል፤ ማታ ይማሩበታል፤ ገላቸውንም ይታጠቡበታል። የሰፈሩ ቆሻሻ አልነሣ ቢል ወይዘሪቷ ራሳቸው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙና በማለዳ እየተነሡ ጋሪዎቹን ይከተሉ ጀመር። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ የከለከለው የ1893 የኢሊኖይ ሕግ እንዲወጣ ከደከሙት መካከልም የዚህ ቤት ሰዎች ነበሩ።

ሆኖም በ1932 ስካርፌስ የተባለው ፊልም የተሠራው የካፖንን ታሪክ መነሻ አድርጎ ነው። የቆሻሻ ጋሪ የሚከተሉ ወይዘሪት መቼም ቲኬት አያሸጡም! በቅርብ ዓመታትም ጋዜጦች የከተማይቱን ግድያ ይቆጥራሉ እንጂ ከሕዝቧ ብዛት ጋር አያመዛዝኑትም፤ ቢያመዛዝኑት ሴንት ልዊስና ሜምፊስ እንደሚብሱ ባዩ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ልትወረን ስትዘጋጅ መጥተው አየር ኃይላችንን የመሩት ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የበረራ ሙያን የተማሩት በቺካጎ ነው። የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ጥቁር አልቀበልም ባለ ጊዜ በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ትምህርቱን በጆሯቸው ይለቅሙ ነበር ይባላል። ቆይተው በዚያው ቤት ተመረቁ፤ አስተማሪም ሆኑ። ከጓደኞቻቸው ጋርም በከተማይቱ አቅራቢያ በምትገኘው በሮቢንስ የጥቁሮች አውሮፕላን ማረፊያ አቋቋሙ። ከጠላት መባረር በኋላ ተመልሰው አብራሪዎቻችንን ሲያሠለጥኑ ቆዩና በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስለው አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚሁ ነው። እኛ ግን የካፖንን ስም ከእርሳቸው ስም ብዙ ዓመት ቀድመን ነበር የሰማነው።