ኅብረት

«ኅብረት» ኀበረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። «ማኅበር»ም ከዚሁ ሥር ይመዘዛል። በሉተራውያን ዘንድ ግን ጠለቅ ይላል፦ ቅዱስ ቁርባንን አብሮ መካፈል፣ አንዱ በሌላው መድረክ ማገልገል።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር ያቋረጠችው ይህንኑ ነው። በ2009 ስዊድኖቹ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን በቤተ ክርስቲያን ማጋባት ፈቀዱ፤ አሜሪካውያኑ በእንዲህ ያለ ጥምረት የሚኖሩ አገልጋዮችን ለመቀበል ወሰኑ። መካነ ኢየሱስ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው በሚለው ትምህርቷ ጸናች። ከባድ መለያየት ነበር፤ የስዊድን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነውና። ሆኖም ሦስቱም በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባልነታቸው ቀጠሉ፤ እንግዲህ ኅብረት ደረጃ ደረጃ አለው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኅብረት የተቋማት ውል ብቻ ሲመስለን በየአጥቢያው ፈርቶ፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ምእመን እንዘነጋለን። የ2013ቱ ውሳኔ የአብያተ ክርስቲያናትን ግንኙነት የሚመለከት ነው፤ ሰውን ለመስደብ ወይም ለመደብደብ እንደ ፈቃድ የሚጠቅሰው ሁሉ ቃሉን ከቦታው ያወጣዋል።